ሲኒማዎቹ መጡ

ሰው ወደ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። የዱሮ አመል ነው፣ አልለቀቀኝም። የወንድሜ ልጅ ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ላይ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ ብዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እመጣና መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ሱቁ የእሷ ነው፤ «ይሄ ጥለት ያስረጅሻል፣ ያንን ሞክሪ» የምለው ግን እኔ ነኝ። እሷም ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ እያለች ትቆጣለች። ባለፈው ጸደይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበሩ ቃጭል ጮኸና ቀና ሳልል እግር አየሁ። ጥቁር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ በደንብ የተወለወለ ጫማ። እግሩ ግን አይገባም፣ ደፉ ላይ ቆሟል። ቀና ብል ሶስና ናት፣ የታምራት ሚስት።

እኔና ሶስና አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን ከሰላሳ ዓመት በላይ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ እንነካካለን፣ ደህና ነዎት፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። ተጣልተን አይደለም። ለመጣላትም እኮ መቀራረብ ያስፈልጋል። ገብታ ለልጇ ለሊዲያ ሰርግ የምትለብሰው ቀሚስ እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ እኔም እልል ብዬ ሦስት ቀሚስ ዘረጋሁላት። ጥለቱን በጣቷ ትዳብሳለች እንጂ አታየውም። ትንሽ ቆይታ፣ «እትዬ አስካለ፣ የመጣሁት ለልብስ አይደለም» አለችኝ።

ታምራትን ያ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ይዞታል። እሱን እኔም በወሬ ሰምቻለሁ። ያልሰማሁት የእግሩን ነው። ሜዳ ላይ ይሄዳል አሉ፣ በር ጋ ሲደርስ ግን እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። ቢገፉት ይወድቃል እንጂ አይራመድም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨምሮለታል። የምታለማምደው ቴራፒስት ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ምት ይረዳዋል፣ አብሮት መራመድ የለመደ ሰው ካለ ይበልጥ ይረዳዋል አለችና፣ ወደ ሶስና ዞር ብላ ባለቤትሽ ዱሮ ይደንስ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሶስና ያን ቀን መልስ ሳትሰጥ ወጣች። ሰርጉ ደግሞ ደረሰ። ታምራት ልጄን እጇን ይዤ በእግሬ ካላስገባኋት በዊልቸር ተገፍቼስ አልገባም፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጸልይላታለሁ ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ሊዲያም የአባቷ ልጅ ናት፣ «ኦኬ፣ እኔም ብቻዬን አልገባም» ብላለች። «እኔ ስይዘው ይቆማል» አለችኝ ሶስና፣ ዓይኗን ከቀሚሱ ሳታነሳ። «እርስዎ ቢይዙት ይሄድ ይሆናል።»

ላስብበት አልኳት። ኩራት ነው እንጂ ምን የሚታሰብ ነገር አለው። እሷ ከወጣች በኋላ ቀሚሶቹን ማጠፍ አቃተኝና እንዲሁ በመስኮቱ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ለነገሩ የማየው የዛሬውን መንገድ አልነበረም።

ያን ጊዜ ፌርፋክስ ላይ በአገራችን ስም የተሰቀለ ምልክት አልነበረም። ሐበሻ ምግብ ቤት የሚባለው በጣት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ የተከፈተ ስለነበር ወጡም የቀለም ሽታ ነበረው። ዛሬ የወንድሜ ልጅ ሱቅ ያለበት ቤት ታይፕራይተር የሚጠግን አንድ ቁጡ ሽማግሌ ነበረበት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ልብስ የምናጥብበት ላውንደሪ። የመኪና ጋዝ ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች ነበር፤ በሁለት ዶላር ፒኮ መንገድ ላይ ካለው የአሮጌ ልብስ መደብር የሐር ሸሚዝ ይገዛል። ወንዶቹ ኮሌታው ትከሻቸው ድረስ የሚደርስ ሸሚዝ ነበር የሚለብሱት፣ ጎፈሬያቸው የመኪናውን ጣሪያ ይነካል። እኛም አናንስም፤ የጫማችን ተረከዝ ከፍታው ያሳፍራል። እኔ ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሚስስ ኔሊ የምትባል አሮጊት እንከባከብ ነበር፣ አዳርም እሷው ጋ ነው። ሚስስ ኔሊ ቀን ሙሉ ከቲቪ ዓይኗን አታነሳም። ከሰዓት በኋላ የጥንት ፊልም የሚያሳይ ቻናል አለ፣ ጥቁርና ነጭ። እዚያ ነው እነዚያን ሁለቱን ያወቅኳቸው።

ማንነታቸውን ስም ሳልጠራ ታውቁታላችሁ። እሱ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ኮት የሚለብሰው ቀጭኑ፣ እሷ የሐር ቀሚሷ ከእሷ ዘግይቶ የሚዞረው ቆንጆዋ። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይደንሳሉ፣ ይታረቃሉ። ታሪኩ ምን ጉዳዬ ነው! ሲደንሱ ነው እንጂ። መሬት የማይነኩ ይመስላሉ። እኔ የሚገርመኝ ደግሞ እሷ ነበረች፤ እሱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እሷ ወደ ኋላ። የምትረግጥበትን አታይም፣ ፊቷ ላይ ግን ጭንቅ የለም።

ታምራት ከእኛ ሥር ያለው አፓርታማ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ዊልሸር ጎዳና ላይ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፓርኪንግ ይሠራል፤ የሰው መኪና እየነዳ ፓርክ ያደርጋል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን ሊሰብረው ደረሰ፤ ከመታጠቢያ ቤታችን ውሃ ፈስሶ አልጋውን አበስብሶታል። ሊሰድበኝ አፉን እንደከፈተ ቲቪውን አየ። ሁለቱ እየደነሱ ነበር። ውሃውን ረሳው፣ እኔንም ረሳኝ፣ መሐል ክፍሉ ውስጥ ቆሞ እስኪያልቅ አየ። ሲያልቅ ዞር ብሎ «ነገም አለ?» አለኝ። አልጋው ከደረቀ ከስንት ቀን በኋላም ስለ ውሃው አላነሳም።

በማግሥቱ መጣ፣ በሦስተኛው ቀን የሚስስ ኔሊን ወንበር ገፍተን ቲቪው ፊት ለፊት ቆምን። እሱ ቀኝ ሲል ቀኝ፣ እሷ ስትዞር መዞር። ወር ያህል እንዲህ ከተማርን በኋላ ሚስስ ኔሊ አንድ ቀን ሳቋ አልቆም አለ፣ በዚያ ዕድሜዋ ታፍናብኝ ነበር። ለካ ጉዳችን ሌላ ነው። ቲቪውን ልክ እንደ መስታወት አይተን ሁሉንም ገልብጠን ነው የያዝነው። ወንድ ሴቷን በቀኝ እጁ ነው ጀርባዋን የሚይዛት፣ ታምራት በግራው ነው። ወንድ በግራ እግሩ ይጀምራል፣ ታምራት በቀኙ። እናስተካክለው ብለን ሞከርን፤ እርስ በርሳችን ተረጋግጠን ወደቅን። በቃ እንዲሁ ይቅር፣ የእኛ ይሁን አልን። ሚስስ ኔሊ ታውቃለች፤ በወጣትነቷ እነዚያ ሁለቱ ሲደንሱ ከኋላ ከሚያጅቧቸው ሴቶች አንዷ ነበረች። አንድ ፊልም ላይ ራሷን አሳየችን፣ ከአንድ ዓምድ ጀርባ ትከሻዋ ብቻ ይታያል። እኛም «ይኸው ትከሻሽ!» እያልን እናጨበጭብላት ነበር።

እሁድ ጠዋት የታምራት ፓርኪንግ ባዶ ነው። መሬቱ ለስላሳ ኮንክሪት፣ የተሰመረው መስመር ልክ ለእኛ የተሰመረ ይመስላል። እዚያ እንለማመድና ቅዳሜ ወይ ፌርፋክስ ያለችው ምግብ ቤት፣ ወይ ሰርግ ቤት። እስክስታው ደርቶ ደርቶ ሰው ሲደክመው የምግብ ቤቱ ባለቤት «ሲኒማዎቹ መጡ!» ይላል፤ ስማችን ሆኖ ቀረ። ታምራት ከአሮጌ ልብስ መደብር ያገኛት ጥቁር ኮት ነበረችው፣ ጅራቷን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ራሱ ያስሰነጠቃት። እኔ የብር ቀለም ያለው ጫማ፣ ሶሉ ቆዳ። ታክሲ የሚነዱት፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉት፣ ሌሊት ዘበኛ የሚያድሩት ሁሉ ወንበር እየሳቡ ቦታ ይለቁልናል። እንዲያ ተከብሬ አላውቅም፣ እውነቱን ልናገር።

ጭፈራችን መሐል አንድ የጠብ ቦታ ነበረው፣ ከፊልሙ የወሰድነው። ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይከተለኝና እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል፣ እኔ ገፍቼ እሄዳለሁ። እንደገና ያሳርፋል፣ እንደገና እገፋለሁ። አንድ ሰርግ ላይ ሁለተኛውን ስገፋ አንድ ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከተከበረው ወንበር ድንገት ተነሥተው መሐላችን ገቡ። በአንድ እጃቸው የእኔን፣ በአንድ እጃቸው የእሱን ክንድ ያዙ። ተው እንጂ ልጆቼ፣ የሰው ሰርግ ላይ እንዴት ትጣላላችሁ፣ ቤታችሁ ስትገቡ አይሻልም ነበር ብለው ገሠጹን። ባልና ሚስት መስለናቸው ነው! እኔ ሳቄን ውጬ ልሞት ደረስኩ። ያ የሰይጣን ቁራጭ ታምራት ግን ዝቅ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመና «አጥፍቻለሁ አባቴ፣ ያስታርቁን» አላቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ሰው የጭፈራው አካል መስሎታል። ከዚያ በኋላ የሄድንበት ሰርግ ሁሉ ሽማግሌ ሳይነሣ ጭፈራው አያልቅም፤ ተራ የሚጠብቁም ነበሩ።

አንድ ቀን ሚስስ ኔሊን ጠየቅኳት፣ እነዚያ ሁለቱ በኋላ ተጋቡ ወይ አልኳት። ፊልሙ ላይማ ስንቴ ተጋብተዋል ብላ ሳቀችብኝ። ካሜራው ሲቆም እሱም ወደ ቤቱ እሷም ወደ ቤቷ ነው አለች፤ የየራሳቸው ወንበር ነበራቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይቀመጡ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ታምራትን ወድጄው ነበር። ይኸው አልኩት፣ በስተርጅና ማንን ልፈራ ነው። ያን ጊዜ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እሱ እንዲናገር ነበር የምጠብቀው፤ ጭፈራው ላይ የሚመራው እሱ አይደል?

አንድ እሁድ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ ጫማዬን ለውጬ ስጠብቀው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ መጣ። «አስካለ፣ ጌታን ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ አልደንስም» አለኝ። ፊቱ ንጹሕ ነበር፣ ቀልድ አልነበረበትም፤ እኔን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ልክ እንደ ጭፈራችን ጀርባዬን ሰጠሁት። እጁ ትከሻዬ ላይ እስኪያርፍ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ዞር ስል የመኪናው ድምፅ ከግቢው ወጥቷል። ያን ቀን የሚያስታርቀን ሽማግሌ አልተነሣም።

በኋላ ከዚያው ጌታን ከተቀበለበት ቸርች ሶስናን አገባ። ጥሩ ሰው ሆነ፣ ይህን ማንም አይክደውም፤ አዲስ ለመጣ ሁሉ ሥራ የሚያስገባ፣ የታመመ የሚጠይቅ። እኔም አገባሁ፣ ጨዋ ሰው ነበር፣ አፈሩን ያቅልልለት፤ ጭፈራ ግን አይሆንለትም ነበር። ሚስስ ኔሊ ሞተች። ታይፕራይተር ጠጋኙም ሞተ፣ ፌርፋክስም የእኛ ስም ተሰቀለበት። የብር ጫማዬን ግን አልጣልኩትም፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

ለሶስና በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። መጥታ በመኪናዋ ወሰደችኝ፣ ወደ ቤታቸው የባልድዊን ሂልስን ዳገት ስንወጣ ሁለታችንም ስለ አየሩ ብቻ አወራን። ታምራት ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ትከሻው ወርዷል፣ ፊቱ እንደ ዱሮው አይስቅም፣ በሽታው ፊትንም ያስራል አሉ። ዓይኑ ግን የራሱ ነው።

«አርጅተሻል» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ገና ጎርምሰሃል» አልኩት።

ጥግ ላይ ሶስና ስትስቅ ሰማኋት። ታምራት ግን ወዲያው ኮስተር አለ፤ ጭፈራ እንደተወ፣ ለጌታ የገባውን ቃል በሽታ ያዘኝ ብሎ እንደማያፈርስ ነገረኝ። እኔም ማን ጨፍር አለህ፣ በር ግባ ነው ያልንህ አልኩት። ሊዲያ እየሳቀች ደግፋ አስነሣችው። «ኦኬ ዳዲ፣ እትዬ አስካለን ስማት፣ እሷ ታውቅሃለች» አለችው። ቴራፒስቷ እንዳሳየቻቸው ከጎኑ ቆምኩ፣ በግራህ ጀምር አልኩት፣ ቆጠርኩለት። እስከ ኩሽናው በር ደህና መጣን፤ በሩ ጋ እግሩ ተጣበቀ። እንደገና። እንደገና ተጣበቀ። ሊዲያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አልቻልኩም ልል ነበር። ወዲያው እጁን አየሁት። ቀኝ እጁ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ከጎኑ ትንሽ ተነሥቶ በአየር ላይ ይንቀጠቀጣል። ማንም አላነሣው፣ በራሱ ነው የተነሣው። ወይ እኔ! ያ ሁሉ የሚስስ ኔሊ ሳቅ እንዴት ጠፋኝ? እኛ እኮ የተገለበጥን ነን።

ፊት ለፊቱ ቆምኩ፣ ጀርባዬን ለኩሽናው ሰጥቼ። ግራ እጄን ቀኝ እጁ ውስጥ አስገባሁ። «በቀኝህ» አልኩት። «ደግሞ እኔ አልመራህም። አንተ ምራኝ።»

ቀኝ እግሩ ተነሣ። ደፉን አለፈ። እኔ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደ ፊት፣ ወገቤ ምድጃውን እስኪመታ ድረስ ሄድን። ሊዲያ ጮኸች። ሶስና ቀደም ብላ ገብታ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ነበረች፤ ዞር አላለችም፣ ውሃው ግን ዝም ብሎ ሲፈስ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰርጉ በየቀኑ ማለት ይቻላል መጥታ ትወስደኛለች፣ ስንመለስ ስለ አየር ማውራት ትተን ስለ ጉልበቴ እናወራ ነበር።

ቸርቹ ዌስትቼስተር ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፤ አውሮፕላኖች ጣሪያውን ሊነኩት እየደረሱ ያልፋሉ። የብር ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ። የወንድሜ ልጅ እብድ ነሽ እንዴ፣ በዚህ ጉልበት ተረከዝ ብላ ጮኸችብኝ፣ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኳት። ታምራት በሩ ላይ ሲያየኝ መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው።

በሩ ሰፊ ነው፣ ደፉ ግን ከፍ ያለ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ምንጣፉ ቀለሙ ይቀየራል። ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ስልኩን አንሥቷል፣ መዘምራኑ ቀስ ያለ መዝሙር ጀምረዋል። ሊዲያ የአባቷን ግራ ክንድ ያዘች። ደፉ ጋ ሲደርሱ፣ እንደፈራነው፣ ቆመ። መዝሙሩ ይቀጥላል፣ እሱ አይንቀሳቀስም። ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ለጉባኤው ሁሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ግራ እጄን ዘረጋሁለት።

«ሰው ያያል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ይይ» አልኩት። «ምራኝ።»

በቀኙ ጀመረ። መዝሙሩን እንደ ቆጠራ ያዝነው። እኔ የምረግጥበትን አላይም፤ የማየው የእሱን ፊትና የሊዲያን እንባ ብቻ ነው። ጉልበቴ እንዲያቃጥለኝ ፈቀድኩለት፣ ፊቴን ግን አላኮማተርኩም፤ ያቺ ቆንጆዋ አላኮማተረችማ። የኋላውን ወንበር ስናልፍ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ዝግ ብሎ «ሲኒማዎቹ መጡ» ሲል ሰማሁ። ታምራትም ሰምቷል፣ ጣቶቹ እጄን ጠበቅ አደረጉት። ሙሽራው ፊት እስክንደርስ አንድም ጊዜ አልቆመም። የሊዲያን እጅ ለሙሽራው ሰጠ።

ሥራዬ አለቀ ብዬ እጁን ለቀቅኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ኋላ ወንበር ልሄድ ተነሣሁ። ገና አንድ እርምጃ ሳልሄድ እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ እንዳይወድቅ የያዘኝ መስሎታል፤ ምናልባትም እንደዚያ ነው። በጭፈራችን ገፍቼ መሄድ ነበረብኝ። አልገፋሁትም። ባዶው ፓርኪንግ ውስጥ የጠበቅኩትን ያህል፣ እዚያው ቆሜ ክብደቱን ተሸከምኩ።

ቀና ስል ከፊተኛው ረድፍ ሶስና እያየችን ነው። ዓይኗን ከእኛ አላነሣችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ የነበረውን ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ወንበሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችልኝ። ታምራትን ይዤው ሄድኩና በመሐላችን አስቀምጠነው ተቀመጥን።